ዘይት መቼ ነው የተቀየረው?

አንድ ሰው መኪና ወዳድ ይሁን ወይስ እንዲያው ነጂ ብቻ፣ ለማወቅ የምጠይቃት አንድ ጥያቄ አለችኝ፦ «ለመጨረሻ ጊዜ ዘይት የቀየርከው መቼ ነው?» መኪና ወዳዱ ኪሎ ሜትሩን ከነዘይቱ ዓይነት ይነግራችኋል፤ ሳትጠይቁት የፊልትሮውንም ሥሪት ይጨምርላችኋል። ሌላው ትንሽ ያስብና «በቅርቡ ነው መሰለኝ፤ መካኒኬ ያውቀዋል» ይላል።

ብዙ ሰው የሁለቱ ልዩነት ፍቅር ይመስለዋል። አንዱ መኪናውን ይወዳል፣ ሌላው እንደ ማንኛውም ዕቃ ያያታል ይባላል። እኔ አይመስለኝም። ታናሽ እህቴ ቪትዟን የምትወደውን ያህል መኪናውን የሚወድ ሰው ብዙ አላየሁም። ቅዳሜ ጠዋት ላቫጆ ሳትሄድ አትውልም። ዳሽቦርዱ ላይ አቧራ አይታይም፤ ወንበሮቹ ልብስ አላቸው፤ በር በኃይል የዘጋ ተሳፋሪ ተግሣጽ አይቀርለትም። የገዛቻት በዕቁብና በብድር ስለሆነ እንዲህ ብትሳሳላት አይገርምም። ኮፈኑ የሚከፈተው ግን ጋራዥ ስትገባ ብቻ ነው፤ ጋራዥ የምትገባውም የሆነ ነገር መጮህ ሲጀምር ነው። «አንቺ፣ እስቲ አንዳንዴ ከፍተሽ ዘይቷን እዪ» ስላት «እየሄደች ምን ብዬ ነው የምከፍታት?» ትለኛለች። ይህን የምትለው ግድ ስለሌላት አይደለም። መኪና እየሄደ ከሆነ ደህና ነው ብሎ ማመን ብዙዎቻችን ያደግንበት ነገር ነው።

ገንዘብ ነው የሚሉም አሉ። እሱም አያሳምነኝም። ማታ ገቢ አስረክቦ ለራሱ የሚተርፈው እዚህ ግባ የማይባል የሚኒባስ ሹፌር የፍሬን ሸራው ምን ያህል እንደቀረው በእግሩ ያውቃል። ኩሽኔታው ማልቀስ ሲጀምር ከኋላ ይሁን ከፊት፣ ከቀኝ ይሁን ከግራ፣ ሙዚቃው እየጮኸ ለይቶ ይነግራችኋል። በሌላ በኩል ውድ ላንድክሩዘር ይዞ የጎማውን ነፋስ ዓመት ሙሉ ያላስለካ ባለሀብት አለ።

ለእኔ ልዩነቱ ያለው የመኪናዋን ታሪክ ማን ይዞታል የሚለው ላይ ነው። መኪና ወዳድ ታሪኩን ራሱ ይይዛል። ነጂው ታሪኩን ለመካኒኩ አደራ ይሰጣል፤ መካኒኩ ደግሞ አደራውን መቀበሉን እንኳ አያውቅም። የእኔን ቮልስ ለዓመታት የሚያዩልኝ ጋሼ አንድ ቀን፣ አንድ ደንበኛ «ባለፈው የቀየርክልኝ ፓምፕ» እያለ ሲሟገታቸው ሰምተው ሲያበቁ ወደ እኔ ዞረው «ልጄ፣ በቀን ስንት መኪና ነው የማየው? የእሱን ብቻ እንዴት ልያዝለት?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እጃቸው የፈታውን ሁሉ ጭንቅላታቸው እንዲይዝ መጠበቅ ግፍ ነው።

ስለ ቮልሷ ላውራ፤ ይህን ነገር ያስተማረችኝ እሷ ናትና። አዲስ አበባ የቮልስ ከተማ ነበረች፤ ዛሬም ከብዙ ከተሞች በተሻለ ናት። የመጨረሻዋ አሮጌ ሞዴል ሜክሲኮ፣ ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ እስከዚያ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርተዋል። ከእነዚያ የተወሰኑት እኛ ጋ መጥተው፣ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ ተላልፈው እስካሁን ይሄዳሉ። እኔ የገዛሁት ከአንድ ጡረተኛ ሲሆን ቁልፉንና ሊብሬውን ሲሰጡኝ አንድ የተማሪ ደብተር አብረው ሰጡኝ። ያን ጊዜ ያስደሰተኝ ቁልፉ ነበር። ዛሬ ከሦስቱ በጣም የሚበልጥብኝ ደብተሩ ነው።

ደብተሩ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተሞላ ነው። ቀን፣ ኪሎ ሜትር፣ የተሠራው ሥራ፤ ከዚያ ውጪ ምንም የለበትም። «ካንዴላ ተቀየረ።» «ቫልቭ ተስተካከለ፤ 3ኛ ጠቦ ተገኘ።» ወረድ ብሎ እንደገና «ቫልቭ ተስተካከለ፤ 3ኛ አሁንም ጠቦ ተገኘ።» ይህን ሳነብ ብዙም አልገባኝም ነበር። ቫልቭ ወደ ሲሊንደሩ አየርና ነዳጅ የሚያስገባ፣ ጭሱንም የሚያስወጣ በር ነው፤ ከሚገፋው ክንድ ጋር ትንሽ ክፍተት ሊኖረው ይገባል። በኋላ እሑድ ጠዋት፣ ሞተሩ ሌሊቱን ሙሉ ቀዝቅዞ፣ ከኋላ ተኝቼ የቫልቮቹን ክዳን የያዘውን ሽቦ ገፍቼ ከፈትኩና በቀጭኗ የመለኪያ ላሜራ የእያንዳንዱን ቫልቭ ክፍተት ማየት ጀመርኩ። ክፍተቱ 0.15 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፤ ላሜራዋ ትንሽ ያዝ እያደረጋት ማለፍ ነው ያለባት። ሌሎቹ ላይ አለፈች። 3ኛው ሲሊንደር ላይ፣ የጭስ ማስወጫው ቫልቭ ጋ ስደርስ አልገባችም።

አንድ ጊዜ ብቻ ያየ መካኒክ ቢሆን የጠበበውን ያሰፋና ክዳኑን ይዘጋል። ትክክልም ነው፤ በዚያ ቀን የሚታየው የጠበበ ቫልቭ ብቻ ነው። ደብተሩ ግን ሌላ ነገር ይናገር ነበር። አንድ ቫልቭ በተስተካከለ ቁጥር መልሶ የሚጠብ ከሆነ ወይ አንገቱ በሙቀት እየተለጠጠ ነው፣ ወይ መቀመጫው እየተበላ ነው ማለት ነው። የሚለጠጥ ቫልቭ ደግሞ አንድ ቀን ራሱ ተበጥሶ ፒስቶኑ ላይ ይወድቃል፤ ያን ጊዜ ሞተሩን መርሳት ነው። በአሮጌዎቹ ቮልሶች 3ኛው ሲሊንደር ከሌሎቹ የበለጠ የሚሞቅበት ምክንያትም አለው፤ ዘይት ማቀዝቀዣው የተቀመጠው ወደዚያ ወገን በሚሄደው ነፋስ መንገድ ላይ ስለሆነ የሚደርሰው ነፋስ ይቀንሳል። ጋሼ ጋ ወስደን ቴስታታውን፣ ማለትም ቫልቮቹን የያዘውን የሞተሩን ራስ፣ አወረድነው። የቫልቩ አንገት ቀጥኖ ነበር። ቀየርነው። ሳንካው ገና በሰላም እየሄደች ሳለ ነው የተገኘው፤ ያገኘውም ከእኔ በፊት የነበሩት ሰውዬ እስክሪብቶ ነው።

ቮልስ ይህን ሁሉ ትኩረት የምትጠይቀው ተሰባሪ ሆና አይደለም። ራዲያተር የላትም፤ ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በነፋስና በዘይት ነው። ዘይቷ ደግሞ 2.5 ሊትር ብቻ ሲሆን፣ በፋብሪካ አሠራሯ ከሥር ካለች የሽቦ ወንፊት በቀር ማጣሪያ የላትም። ስለዚህ ዘይት መቀየር የረሳ ሰው ቅጣቱ ቶሎ ይደርሰዋል። ቺንጋውም፣ ማለትም ሞተሩ የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ፣ እንዲሁ ነው። በብዙ መኪና ቀይዋ የባትሪ መብራት በጉዞ ላይ ከበራች ባትሪው አይሞላም ማለት ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ሰው ቤቱ ድረስ ነድቶ ይገባል። ቮልስ ላይ ያቺ መብራት ስትበራ ያላችሁበት ቦታ ዳር ይዛችሁ ማጥፋት አለባችሁ። ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ በዲናሞው ዘንግ በኩል ማቀዝቀዣውን ፋንም ያዞራል፤ ቺንጋው ተበጥሶ ከሆነ ሞተሩ ነፋስ አያገኝም። ከመገናኛ እስከ ቦሌ ድረስ እንዲያ ሆኖ መንዳት ሞተር ያስቀብራል። ስለዚህ ቮልስ የያዘ ሰው ቺንጋውን በአውራ ጣቱ ጫን አድርጎ ሳያይ ረጅም መንገድ አይወጣም። ከላላ፣ ቺንጋው የሚዞርበትን የፑሌጃውን ሁለት ገጽ ለይቶ፣ ከመካከል አንድ ሮንዴላ (ቀጭን ቀለበት) አውጥቶ ወደ ውጭ ያዛውራል፤ ቺንጋው ይወጠራል። መሣሪያው አንድ ቁልፍና አንድ ጠንካራ ዊንቨር ነው። ይህን የሚሠሩ፣ ከዚያ በቀር ስለ መካኒክነት ምንም የማያውቁ አስተማሪዎችና ነጋዴዎች አውቃለሁ።

ወደ እህቴ ቪትዝ ልመለስ። ቪትዝ ብዙ የምትታገሥ መኪና ናት፤ ለነጂ የተሠራች ናት ቢባል ይቀላል። ግን መታገሷ ራሱ ችግር ያመጣል። እህቴ ቤንዚን እየበላባት እንደሆነ ስትነግረኝ አንድ ጠዋት አብሬያት ሄድኩ። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የምትበራው ሰማያዊ መብራት ከብዙ መንገድ በኋላም አልጠፋችም። «ይቺ መብራት ሁልጊዜ እንዲህ ናት?» አልኳት። «ከገዛኋት ጀምሮ እንዲያ ናት፤ ምን ችግር አለው?» አለችኝ።

ችግሩ ቴርሞስታት፣ ማለትም ሞተሩ እስኪሞቅ ውኃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚከለክለው ዕቃ፣ አለመኖሩ ነበር። ከእሷ በፊት በነበረ ባለቤት ጊዜ መኪናዋ ሞቃ ኖሮ፣ የሆነ መካኒክ ቴርሞስታቱን አውጥቶ ጥሎታል። ይህ በከተማችን ጋራዦች የተለመደ «መፍትሔ» ነው። መኪና ይሞቃል፤ ቴርሞስታት ይወጣል፤ ውኃው ያለ ከልካይ ይዞራል፤ መሞቁ ይቆማል፤ ደንበኛው አመስግኖ ይሄዳል። ነገር ግን ሞተሩ የተሠራው ውኃው 80ና 90 ዲግሪ አካባቢ ሆኖ እንዲሠራ ነው። እዚያ ካልደረሰ ኮምፒዩተሩ ሞተሩ ገና ብርድ ላይ ነው ብሎ ቤንዚን ይጨምራል፤ ዘይቱ ውስጥ የሚገባው እርጥበትና ነዳጅ ተንኖ አይወጣም፤ የሲሊንደሩ ግድግዳም ያልቃል። መጀመሪያ ያሞቃት ነገር ምን እንደነበር ደግሞ የሚያውቅ የለም። ምናልባት የራዲያተሩ ክዳን ነበር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውኃ እዚህ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የራዲያተር ክዳን ግፊቱን አፍኖ ይዞ ነው መፍላቱን የሚያዘገየው። የክዳኑ ላስቲክ ከደከመ ደህና ሞተር በፒያሳ ዳገት ላይ ውኃ ይተፋል። ትንሽ ክዳን መቀየር ሲገባ ቴርሞስታት ወጥቶ፣ ክዳኑ እንዳለ ቀርቶ፣ በላዩ የቧንቧ ውኃ ተሞልቶ መኪናዋ ለእህቴ ተሸጠች። ቴርሞስታቱንም ክዳኑንም አዲስ ገዝተን አስገባን፣ የቧንቧውን ውኃ አፍስሰን ኩላንት ሞላን፤ መብራቷ በጊዜ መጥፋት ጀመረች።

እዚህ ላይ የማዝነው መካኒኩ ላይ አይደለም፤ ምናልባት ያን ቀን ዕቃው አልተገኘም ይሆናል፣ ምናልባት ባለቤቱ ገንዘብ አልያዘም። የማዝነው ነገሩ የትም ባለመጻፉ ነው። አንዲት መስመር «ቴርሞስታት ወጥቷል» የምትል ብትኖር ኖሮ እህቴ ያን ሁሉ ቤንዚን አታቃጥልም ነበር።

ሊብሬ የባለቤቱን ስም፣ የሻንሲና የሞተሩን ቁጥር ይይዛል እንጂ መኪናዋ ምን እንደደረሰባት አይናገርም። ቦሎ ደግሞ በምርመራው ዕለት ፍሬንና መብራቷ ደህና እንደነበሩ ቢነግረን ነው፤ ለዚያ ቀን ብቻ ደህና ጎማ ተውሶ የሚቀርብም አይጠፋም። ደላላው የሚነግራችሁ «የሴት መኪና ናት፣ ንክች አላለችም» ነው። የኪሎ ሜትር ቆጣሪውም ቢሆን ወደ ኋላ የሚመልሱት ሰዎች ስላሉ ቃሉ አይታመንም። ዘይት የሚቀይሩ ቤቶች የሚሰጧት ትንሽ ካርድ አለች፤ ዘይቱ የተቀየረበትንና የሚቀየርበትን ኪሎ ሜትር የያዘች፤ እሷም በሚቀጥለው እጥበት ከቆሻሻ ጋር ትወጣለች።

የናፍጣ ሃይሎክስ ወይም ሚኒባስ የነዳችሁ «ቲ-ቤልት» የምትለውን መብራት ታውቋት ይሆናል። በብዙዎቹ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ትበራለች፤ ታይሚንግ ቤልቱን፣ ማለትም የቫልቮቹን መከፈትና መዘጋት ከፒስቶኖቹ ጋር የሚያስማማውን ቀበቶ፣ ቀይር ማለቷ ነው። ቤልቱ ከተበጠሰ በእነዚያ ሞተሮች ቫልቭና ፒስቶን ይጋጫሉ፤ ወጪው ቴስታታ ማውረድን ይጨምራል። መብራቷን ቤልቱን ሳይቀይሩ ማጥፋት ይቻላል፤ የሚያጠፉም አሉ። ከዚያ መኪናዋ ትሸጣለች። አዲሱ ገዢ ዳሽቦርዱን አይቶ ምንም መብራት የለም ብሎ ደስ ይለዋል። ታሪክ አለመያዝ ብቻ ቢሆን አንድ ነገር ነው፤ ይህኛው ታሪክን ማጥፋት ነው፤ አባይ በረሃ ላይ ለሚቆም ሰው ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

ይህ ጉዳይ ለእኛ ከሌላው አገር ይልቅ የሚከብደው መኪኖቻችን ብዙ ስለሚኖሩ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ ከተማው ውስጥ ያሉት ኮሮላዎች፣ ቪትዞችና ያሪሶች ምትክ የላቸውም። ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፉ ገና ብዙ ይሄዳሉ፤ በተሸጡ ቁጥር ታሪካቸው ይቆረጣል። ሌላው ቀርቶ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተሠራች ዲኤክስ ኮሮላ ዛሬም ቤተሰብ የምታስተዳድር መኪና ናት፤ ስንት ሰው እንደያዛት ማንም አይቆጥርም።

መኪና ወዳዶችን ሁሉ ግን አላመሰግንም። ከመካከላችን ፍቅራቸው ቸርኬና ማርሚታ ላይ የሚያልቅ ብዙ ናቸው። ሞላ ቆርጦ መኪና አውርዶ የአዲስ አበባ ጉድጓድ ላይ የሚነዳ ወጣት የፍሬን ዘይቱን መቼ እንደቀየረ ብትጠይቁት መልሱ ከእህቴ አይለይም። ፍሬን ዘይት እርጥበት ከአየር ይስባል፤ በየሁለት ዓመቱ ካልተለወጠ ረጅም ቁልቁለት ላይ ሲግል ይፈላና ፔዳሉ ከወለሉ ጋር ይገናኛል። ግን ፍሬን ዘይት ፎቶ ላይ አያምርም። ሌሎች ደግሞ መኪናቸውን በሸራ ሸፍነው ለበዓል ብቻ ያወጧታል። መኪና ቆሞ ደህና አይሆንም፤ ቤንዚኑ ይበላሻል፣ ካርቡሬተሩ ይደፈናል፣ ባትሪው ይሞታል፣ የፍሬን ሲሊንደሩ ይዝጋል። በየቀኑ ልጅ ትምህርት ቤት የምታደርስ ቪትዝ ከእንዲህ ዓይነቷ መኪና የተሻለ ጤና አላት።

በጣም የማልወደው ግን ንቀታችን ነው። አንዲት ሴት ጋራዥ ገብታ «ይህ ድምፅ ምንድን ነው?» ስትል የሚገለማመጡ መኪና ወዳዶች አይቻለሁ። ሰው በመኪናው ሥራ የሚውል፣ ልጅ የሚያሳድግ፣ ወረፋ ቆሞ ነዳጅ የሚቀዳ ነው፤ ስለ ቫልቭ ክፍተት ማወቅ አይጠበቅበትም። የሚጠበቅበትን ትንሽ ነገር ማሳየት ደግሞ የእኛ ድርሻ ነበር። ለእህቴ አንድ ደብተር ገዛሁላትና የመጀመሪያውን ገጽ አብረን ጻፍን፦ ኪሎ ሜትሩን፣ ዘይቱን፣ ቴርሞስታቱን፣ ጎሚስታው የሞላውን ነፋስ። ኮፈን መክፈት ዛሬም አትወድም። ደብተሩን ግን ይዛዋለች፤ መካኒክ ሲነካላት ምን እንደቀየረ ራሱ እንዲጽፍ ትሰጠዋለች። መጀመሪያ ላይ የገረመው መካኒክ አሁን ሳትጠይቀው «ደብተሩን አምጪው» ይላታል፤ ከፍቶ ያለፈውን አንብቦ ነው ሥራ የሚጀምረው።

አሁን ደግሞ ኤሌክትሪክ መኪናው መጥቷል። ዘይት የለ፣ ካንዴላ የለ፣ ቺንጋ የለ፤ ብዙ ገዢዎች «ምንም አይፈልግም» ብለው ነው የሚገዙት። የፍሬን ሸራው እውነትም ይቆያል፤ ሞተሩ ራሱ መኪናዋን እየያዘ ኃይል ስለሚመልስ። ነገር ግን ፍሬን ዘይቱ አለ። በብዙዎቹ የባትሪው ማቀዝቀዣ ፈሳሽ አለ። መኪናዋ ከባድ ስለሆነች ጎማ ትጨርሳለች። ኮምፒዩተሩን የምታስነሳው ትንሿ 12 ቮልት ባትሪ አለች፤ እሷ ከሞተች ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖም መኪናዋ አትነሳም። ብዙውን ታሪክ መኪናዋ ራሷ ትመዘግበዋለች፤ ስንት ጊዜ ፈጣን ቻርጅ እንደተደረገች፣ የትኛው ሴል እንደደከመ። ለቻይና ገበያ ተሠርተው እኛ ጋ የገቡት ግን ብዙዎቹ ስክሪናቸው ቻይንኛ ነው፤ ባለቤቱ ማስጠንቀቂያ ሲመጣለት ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሳና የሚያነብለት ሰው ይፈልጋል።

እነዚህ መኪኖች ከመጀመሪያ ባለቤታቸው ወደ ሁለተኛ መሸጋገር ጀምረዋል። ሲሸጡ ያየኋቸው ላይ ገዢው የሚጠይቀው ቀለሙን፣ የስክሪኑን ስፋትና በአንድ ቻርጅ የምትሄደውን ርቀት ነው። ባትሪው አሁን ስንት በመቶ እንደቀረው በመሣሪያ አስለክቶ በጽሑፍ እንዲሰጠው የጠየቀ እስካሁን ያጋጠመኝ አንድ ሰው ነው። ከዚያ በፊት የያዘው መኪና ምን እንደነበር ስጠይቀው፣ ቮልስ ነው አለኝ።